ቁሌቱ ሳይበስል መከለሻ አይገባም፦ በአንድ ብልቃጥ ስለሚሠሩ ትናንሽ የኦክሲጅን ቀለበቶች

ይህ ጽሑፍ ደብረ ማርቆስ ላይ ለሳይንስ መምህራን፣ ለተማሪዎችና ለወላጆች ካደረግሁት ንግግር የተወሰደ ነው። አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። የተቀለደብኝን ግን አልቆረጥኩም።

እንደምን ዋላችሁ።

ጠረጴዛው ላይ ብልቃጥ ታያላችሁ። ጥጄው ነው የመጣሁት። ውስጡ ተፈጭቶ የገባ የበቆሎ ቆረቆንዳና ቀጠን ያለ አሲድ አለ። መብራት ካልሄደብን ንግግሬ ሲያልቅ ወደ እሱ እመለሳለሁ። እስከዚያ እየፈላ ይቆይ። ማንም አይጠጋው፤ በተለይ ከፊት የተቀመጣችሁ ልጆች።

ስትገቡ ከአጥሩ ሥር የበቀለውን ተክል አይታችሁታል? ነጭ፣ ጥሩምባ የመሰለ አበባ አለው። ፍሬው እሾሃማ ነው። አዎ፣ አስተናግር። ጎጃም ውስጥ የፈረሰ ቤት ወይም የቆሻሻ ክምር ካለ እሱ አለ። ከብት እንኳ አሽትቶ ያልፈዋል። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ኬሚስትሪ አልተማሩም። የበላው ሰው ምን እንደሚሆን ግን አይተዋል። ከሌለ ሰው ጋር ያወራል፣ የሌለ ነገር ያያል። አስተናግር አሉትና አረፉ። በአንድ ቃል ምልክቱን መዝግበው ተዉልን።

ከሚያናግሩት ነገሮች አንዱ ስኮፖላሚን ይባላል። ሞለኪውሉ ሰሌዳ ላይ ሲሳል አንድ ጥግ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ታገኛላችሁ። ሁለት ካርቦን፣ አንድ ኦክሲጅን፣ በቃ። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚህች ሦስት ማዕዘንና ስለ ታላላቅ እህቶቿ ነው። ይህን ስላልኩ ደግሞ ማንም ሄዶ እንዳይቀምሰው። ጥቂት ፍሬ ሰው ይገድላል።

ተክሉ ሦስት ማዕዘኗን የሚሠራበት መንገድ ያስቀናኛል። መጀመሪያ ሃዮሲያሚን የሚባል ነገር ያዘጋጃል። ከዚያ አንድ ኤንዛይም ይመጣና ኦክሲጅን ይለጥፍበታል። ያው ኤንዛይም ተመልሶ ያንኑ ኦክሲጅን ወደ ጎረቤቱ ካርቦን ያጥፍና ቀለበቱን ይዘጋዋል። አንድ ሠራተኛ ሁለት ሥራ ሠራ ማለት ነው። መሃል ላይ ያጣራ የለም፣ ያደረቀ የለም፣ የመዘነ የለም። ዕቃ ያጠበም የለም። እኛ ይህን ስናደርግ «በአንድ ድስት ሠራን» እንላለን። ቃሉን ለማሳቅ የፈጠርኩት እንዳይመስላችሁ፤ ፈረንጆቹም ድስት ነው የሚሉት።

በመጀመሪያ ስለ ቀለበቶቹ።

ልጆች ሳለን ልምጭ ቆርጠን፣ አጥፈን፣ ጫፍና ጫፉን በልጥ እናስር ነበር። ሰፊ ክብ ካደረግኸው ዝም ብሎ ይቀመጣል። እያጠበብከው ስትሄድ ይቆጣል። በጣም ካጠበብከው ልጡ ሲላላ ፊትህን ይገርፍሃል። የካርቦንና የኦክሲጅን ቀለበትም እንደዚሁ ነው። ካርቦን አራት እጆቹን ዘርግቶ ሲመቸው በእጆቹ መካከል ያለው ማዕዘን ወደ 109 ዲግሪ ነው። ሦስት ማዕዘን ውስጥ ስታስገባው ግን 60 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይታሰራል። ይህ ትልቅ መታጠፍ ነው።

የመታጠፉ ቁጣ በቁጥር ይለካል። ሦስት አባል ያላት ቀለበት፣ ኢፖክሳይድ የምንላት፣ በአንድ ሞል፣ በኬሚስቶች መስፈሪያ ማለት ነው፣ ወደ 114 ኪሎጁል ገደማ ቁጣ ተሸክማለች። አራት አባል ያላት ኦክሲቴን ወደ 106 ገደማ። አምስት አባል ያላት ቴትራሃይድሮፉራን ግን 23 አካባቢ ብቻ። አያችሁ? ከሦስት ወደ አራት ምንም ያህል አልቀነሰም። ከአራት ወደ አምስት ሲኬድ ዝርግፍ ብሎ ወረደ። ስለዚህ አምስቷ ሰላማዊ ናት። ቴትራሃይድሮፉራንን ላቦራቶሪ ውስጥ ለማሟሚያነት እንጠቀምባታለን፤ ይበልጥ የምንፈራው ጠርሙሱ ተከፍቶ ከቆየ ከአየር ኦክሲጅን ጋር የምትፈጥረውን ፈንጂ ፐርኦክሳይድ ነው። ሦስቷና አራቷ ግን ለጠብ የተዘጋጁ ናቸው።

ይህ ጠባቸው ነው እንጀራቸው። የሁለት ቱቦ ሙጫ ታውቃላችሁ አይደል? ከአንዱ ትንሽ፣ ከሌላው ትንሽ ጨምቀህ የምታማስለው። ከቱቦዎቹ በአንዱ ውስጥ ያሉት እነዚህ ሦስት ማዕዘኖች ናቸው። ሌላው ቱቦ ውስጥ ያለው ልጣቸውን የሚፈታው ነው። ልምጩ ሲፈታ ጎረቤቱን ይይዛል፣ ጎረቤቱ ሌላውን ይይዛል፣ በመጨረሻ ድንጋይ ይሆናል። በእጅህ ስትይዘው የሚሞቀው ለዚያ ነው። ያ የታጠፈው ጉልበት ነው ሙቀት ሆኖ የወጣው።

ሌላም አለ። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ የመርፌውን ላስቲክ ገልብጣችሁ አንብቡት። ብዙዎቹ ላይ «ኢ» እና «ኦ» የሚሉ ሁለት የፈረንጅ ፊደላት ታትመዋል። ኤቲሊን ኦክሳይድ ማለት ነው። ከሁሉም ትንሿ ሦስት ማዕዘን እሷ ናት፣ ጋዝ ናት፣ ጀርሙን እስከ ዘሩ ትጨርሳለች። ለሰውም መርዝ ስለሆነች መርፌው ከተጸዳ በኋላ ጋዙ በደንብ እንዲወጣለት ይደረጋል። መጀመሪያ የሠራት ፈረንሳዊው ሻርል አዶልፍ ዉርትስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1859። ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ክሎሪንና አልኮል በአንድ አካል ላይ ያለበትን ነገር ወስዶ ቤዝ፣ የአሲድ ተቃራኒ ማለት ነው፣ ጨመረበት። ኦክሲጅኑ ዞሮ ጎረቤቱን ነከሰና ክሎሪኑን አባረረው። ይህ «ዞሮ መንከስ» ዛሬ ደጋግሞ ይመጣል፤ ያዙልኝ።

አራቷ፣ ኦክሲቴን፣ ለረጅም ጊዜ ብዙ ሰው አላስታወሳትም። ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ፓክሊታክሴል ውስጥ ግን አለች። ያ መድኃኒት የተገኘው ከአንድ የሰሜን አሜሪካ ዛፍ ቅርፊት ነው። ከ2006 ወዲህ ደግሞ በዙሪክ የሚሠራው ኤሪክ ካሬራና ባልደረቦቹ የመድኃኒት ሞለኪውል ላይ ይህችን ትንሽ ካሬ መትከል ምን እንደሚጠቅም ማሳየት ሲጀምሩ ፈላጊዋ በዛ። በሞለኪውሉ ላይ ብዙ ሳትከብድ ጠባዩን ትለውጠዋለች፤ ለምሳሌ ውሃ ውስጥ በቀላሉ እንዲሟሟ ልታደርገው ትችላለች።

አሁን ወደ ድስቱ።

ዶሮ ወጥ የሠራችሁ እጃችሁን አውጡ። ወንዶቹን አላይም፤ ግዴለም። አክስቴ ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ ሽንኩርት እከትፍ ነበር። አንድ ድስት ነው። ሽንኩርቱ ገብቶ ይቁላላል። በርበሬው ይከተላል። ቅቤው በጊዜው፣ ብልቱ በጊዜው። እንቁላሉ መጨረሻ አካባቢ። መከለሻው ደግሞ ከእሳት ሊወርድ ሲል። አንድ ቀን ልጅነቴ ይዞኝ «እትዬ፣ ሁሉንም አንዴ ለምን አንጨምረውም?» አልኳት። «ልጄ፣ ያ ወጥ ሳይሆን የከብት መኖ ነው» አለችኝ።

በአንድ ድስት የሚሠራ ኬሚስትሪ ሲባል ብዙ ተማሪ የሚመስለው የእኔ የልጅነት ሐሳብ ነው። ሁሉንም ዘርግፎ መጠበቅ። እንደዚያ የሚሆንም አለ፤ ጠላን ተመልከቱ። ብቅሉ ውስጥ ያለው ኤንዛይም የዳጉሳውን ወይም የገብሱን ስታርች ወደ ስኳር ይሰብራል። እርሾው ደግሞ እዚያው ጋን ውስጥ፣ በዚያው ሰዓት፣ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል። ጌሾው መራራነቱን እየሰጠ አንዳንድ ባክቴሪያን ይቆጣጠራል። ሦስቱም አይጣሉም። እንደውም አንዱ የሠራውን ሌላው ወዲያው ስለሚበላው ሥራው ይቀላጠፋል። የጎጃም ጠላ ጠማቂ ይህን ሁሉ በቃል ባትነግራችሁም በእጇ ታውቀዋለች።

አብዛኛው ግን እንደ ዶሮ ወጡ ነው። ድስቱ አንድ ነው፣ ተራው ግን ይጠበቃል። መከለሻ መጨረሻ የሚገባው ለምንድን ነው? ሽታው በሙቀት ስለሚበር። ላቦራቶሪ ውስጥም ሙቀት የማይችለው መጨረሻ ይገባል። ምክንያቱ አንድ ነው።

ለምን በአንድ ድስት? ሒሳቡን እንየው። አንድ መድኃኒት ለመሥራት አምስት ደረጃ ያስፈልጋል እንበል። በእያንዳንዱ ደረጃ ከመቶ ሰማንያ ታገኛለህ። ሰማንያ ጥሩ ነው፣ ተማሪ ሰማንያ ሲያመጣ ቤተሰብ ደስ ይለዋል። አምስቴ ሲባዛ ግን ከመቶው የሚተርፍህ ሠላሳ ሦስት ገደማ ነው። ከእያንዳንዱ ደረጃ በኋላ ታወጣለህ፣ ታጥባለህ፣ ታደርቃለህ፣ ሲሊካ ጄል የሚባል ዱቄት በተሞላ ማጣሪያ ቱቦ፣ ኮለም በምንለው፣ ውስጥ ታሳልፋለህ። በየመሃሉ ጥቂቱ የብልቃጡ ግድግዳ ላይ ይቀራል፣ ጥቂቱ ማጣሪያው ላይ ይቀራል። ኮለሙ ላይ ደግሞ ጠበኛዋ ሦስት ማዕዘን ተከፍታ ልትቀር ትችላለች፤ ሲሊካ ራሱ ቀለል ያለ አሲድ ነው።

የኛን ነገር ጨምሩበት። ሲሊካ ጄል ከውጭ ነው የሚመጣው። ማሟሚያው ከውጭ ነው። ሮታሪ የሚባለው ማሽን ማሟሚያውን እያተነነ ሳለ መብራት ይሄዳል፣ ወይም ውሃው ይቋረጣል። እኔ አንድ ጊዜ አራት ቀን የደከምኩበትን ነገር በአንድ የመብራት መቋረጥ አጥቻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውንም የሥራ ዘዴ ሳነብ መጀመሪያ የምቆጥረው ስንት ጊዜ ከብልቃጥ ወደ ብልቃጥ እንደሚገለበጥ ነው። ሀብታም ላቦራቶሪ ድስቱን የሚቀንሰው ለአካባቢና ለወጪ ብሎ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን መሥራትና አለመሥራት ማለት ነው። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። እጥረት ያለበት ቤት አንድ ድስት ጠንቅቆ ያውቃል ለማለት ነው።

በነገራችን ላይ የዚህ ሥራ አባት የሚባለው ታሪክ ወደ አስተናግር ይመልሰናል። ትሮፒኖን የሚባል ነገር አለ፤ የአስተናግር መድኃኒቶችና መርዞች አጥንት ነው ማለት ይቻላል። ጀርመናዊው ሪሻርድ ቪልሽቴተር በሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ በብዙ ደረጃዎች ሠራው። በመጨረሻ የተረፈው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 እንግሊዛዊው ሮበርት ሮቢንሰን ሦስት ቀላል ነገሮችን በውሃ ውስጥ፣ በአንድ ዕቃ ውስጥ አገናኛቸው። ትሮፒኖን ወጣ። መጀመሪያ ከመቶ 17 ነበር፤ የአሲድነቱን መጠን ሲያስተካክሉት ከ90 በላይ ደረሰ። ያ ቀለበት ናይትሮጅን ያለበት እንጂ የኦክሲጅን አይደለም፤ ከርዕሴ ትንሽ ወጥቻለሁ። ግን ሮቢንሰን ያሰበው እንደ ተክሉ ነው። ተክሉ ዕቃ ሳያጥብ ከሠራው እኔስ?

አሁን የምወደውን ልንገራችሁ። ከኬቶን ወደ ኦክሲቴን፣ በአንድ ብልቃጥ።

ኬቶን ማለት መሃሉ ላይ ካርቦንና ኦክሲጅን በድርብ የተያያዙበት ነገር ነው። የጥፍር ቀለም የምታስለቅቁበት አሴቶን ታናሽ ወንድማቸው ነው። እዚህ ላይ አንድ ተሸካሚ ይመጣል። የሰልፈር ኢላይድ ይባላል፤ ስሙን እርሱት። ትከሻው ላይ አንድ ካርቦን ተሸክሟል። ኬቶኑ ዘንድ ይደርስና ካርቦኑን ያወርዳል። ኦክሲጅኑ በዚህ ጊዜ ድርብ እጁ ስለተለቀቀ ይቁነጠነጣል። ምን ያደርጋል? ዞሮ ይነክሳል። አዲስ የመጣውን ካርቦን ይይዛል። ተሸካሚው ሰልፈር ሸክሙን አራግፎ፣ ዲሜቲል ሰልፎክሳይድ ሆኖ ይሄዳል። ሦስት ማዕዘን ተሠራች። ይህን መንገድ ኮሪና ቻይኮቭስኪ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው ያሳወቁት። ቻይኮቭስኪ ሙዚቀኛው አይደለም፤ ሁልጊዜ ይጠየቃል።

አብዛኛው ሰው እዚህ ያቆማል። ሦስት ማዕዘኗን ያወጣል፣ ያጥባል፣ ያስቀምጣል። ግን ድስቱ ውስጥ ሁለተኛ ተሸካሚ ቢኖርስ? ሦስት ማዕዘኗ ጠበኛ ናት ብለናል። ሁለተኛው ተሸካሚ ይመጣና ያልተጨናነቀ ጎኗን ይመታል። ልጡ ይፈታል። ኦክሲጅኑ እንደገና ነፃ ሆነ። አሁን ከፊቱ አንድ ሳይሆን ሁለት ካርቦን አለ። ዞሮ ይነክሳል፤ ትንሽ ራቅ አድርጎ። አራት ማዕዘን። ኦክሲቴን።

ያው ተሸካሚ፣ ያው ቤዝ፣ ያው ድስት። ሥራው ሁለቴ ተሠራ። ጃፓናውያን ኬሚስቶች በ1983 ይህንን ፖታሲየም ተርት-ቡቶክሳይድ በሚባል ቤዝ፣ ተርት-ቡታኖል በሚባል ማሟሚያ ውስጥ፣ ወደ 50 ዲግሪ አሙቀው አሳይተዋል። ሁለተኛው መዞር ከመጀመሪያው ይዘገያል። አራት አባል ያላትን ቀለበት መዝጋት ከባድ ነው፤ እንግዲህ ጫፉ ራቅ ብሏል፣ ቁጣው ግን አልቀነሰም። ስለዚህ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ሌላም መንገድ አለ፤ በአንድ አካል ላይ ሁለት አልኮል ካለበት ነገር ጀምሮ፣ አንዱን ቶሲል ክሎራይድ በሚባል ነገር ለመባረር አዘጋጅቶ፣ ሌላው ዞሮ ቦታውን እንዲነክስ ማድረግ። እሱም ከ1981 ጀምሮ በአንድ ድስት ይሠራል። ያኛውን ዛሬ እዘለዋለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ደብረ ማርቆስ አንድ ነገር ልበል። ተርት-ቡታኖል የሚረጋው 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። እኛ ዘንድ ክረምት ላይ ጠርሙሱን ስትከፍተው እንደ ቅቤ ረግቶ ታገኘዋለህ። አንድ ተማሪዬ «መምህር፣ ተበላሽቷል» ብሎ ሊደፋው ነበር። ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው ይቀልጥልሃል አልኩት። እንደ ቅቤ ማለት ነው እንግዲህ።

ሁለተኛው ነገር ከፍታችን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው ያለነው። እዚህ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በጮቄ ተራራ አካባቢ ያሉ ሰዎች ባቄላ ቶሎ የማይበስልላቸው ለዚህ ነው፤ እንጨቱ ስለደከመ አይደለም። የጽሑፍ ዘዴዎቹ ደግሞ የተጻፉት ብዙ ጊዜ ዝቅ ባለ አገር ነው። «በቴትራሃይድሮፉራን ውስጥ እያፈላህ ስድስት ሰዓት አቆይ» ይላል። እዚያ 66 ዲግሪ ነው። እዚህ ግን ከ60 በታች ይፈላል። እሳቱን ብትጨምርበት ፍላቱ ይበረታል እንጂ ሙቀቱ አይወጣም። በግምት አሥር ዲግሪ ሲጎድል ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል ይባላል። ስለዚህ ስድስቱ ሰዓት አሥርም አሥራ ሁለትም ሊሆን ይችላል። ስንቱ ተማሪ ነው «አልሠራልኝም» ብሎ ያቆመው? ሪአክሽኑ እንደ ጮቄ ባቄላ ገና አልበሰለም ነበር እኮ።

ስለ ስኬት ብቻ አወራሁ። አንድ ውርደቴን ልጨምር።

ተማሪ ሳለሁ ሁለት ሥራ በአንድ ድስት ለመሥራት ቆርጬ ተነሳሁ። መጀመሪያ ድርብ ትስስር ካለበት ነገር በፐርአሲድ፣ ማለትም ትርፍ ኦክሲጅን በተሸከመ አሲድ፣ ሦስት ማዕዘን መሥራት። ይህ የሩሲያዊው ፕሪሌዣዬቭ መንገድ ነው፤ 1909። ከዚያ ሳላወጣው አሚን የሚባል ናይትሮጅን ያለው ነገር ጨምሬ ሦስት ማዕዘኗን መክፈት። ወረቀት ላይ ያምር ነበር። ጠዋት ብመጣ ብልቃጡ ሥር የተንጀረገገ፣ ማር የመሰለ ዝልግልግ ነገር ተጋድሟል። ቅልቅልን በነጥብ በነጥብ በሚለየው በቲኤልሲ ሰሌዳ ሳየው እኔ የፈለግሁት ነጥብ የለም። ሌሎች አምስት ነጥቦች ግን አሉ፤ ሠርግ ቤት ይመስላል።

መምህሬ ሰሌዳውን ወደ ብርሃን አንስቶ አየና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። «ድስቱ ውስጥ ማን ቀረ?»

ፐርአሲድ ኦክሲጅኑን ሲሰጥ ራሱ የት ይሄዳል? ተራ አሲድ ሆኖ እዚያው ይቀመጣል። ያ አሲድ ሦስት ማዕዘኗን ይከፍታታል፣ ራሱንም ይለጥፍባታል። እኔ አሚኑን ይዤ ስደርስ ቤቱ ተወርሯል። ጭራሽ አሲዱ አሚኑንም ጨው አድርጎ ያዘብኝ። መድኃኒቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሶዲየም ባይካርቦኔት። ቤኪንግ ሶዳ! አምባሻ የምትነፉበት። ከመጀመሪያው ጀምሮ ዱቄቱ ብልቃጡ ውስጥ ቢኖር አሲዱ እንደተወለደ ይይዘው ነበር። በሁለተኛው ሙከራ እንደዚያ አደረግሁ። ነጥቦቹ ወደ ሁለት ወረዱ። ከሁለቱ አንዱ የኔው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼ የምደግመው ይህንኑ ነው። ምን ልጨምር ከማለትህ በፊት ማን ቀረ በል። ያልበሰለው ጥሬ ዕቃ፣ ሥራውን ጨርሶ የተቀመጠው፣ ያልታሰበ ውሃ። ቀጣዩን እንግዳ ከመጥራትህ በፊት ቤት ያሉት ይታረቁት እንደሆን አስብ። የማይታረቁ ከሆነ ደግሞ ነውር የለውም፤ ሁለት ድስት አውጣ። ለወረቀት ስትል በአንድ ድስት የሚሠራውን ነገር አታበላሸው። አንዳንድ ጽሑፍ ላይ «በአንድ ድስት» ይባልና ውስጡ ስትገባ ማሟሚያው ሁለቴ ተለውጧል፣ መሃል ላይ ተጣርቷል። ድስቱ አንድ ነው፤ ወጡ ግን ሁለት ጊዜ ተገልብጧል። እኔ እንደዚህ ዓይነቱን አልወደውም።

ስለ ቆሻሻም ትንሽ። ሮጀር ሼልደን የሚባል ኬሚስት በ1992 አንድ ቀላል ጥያቄ አነሳ። አንድ ኪሎ ምርት ለማግኘት ስንት ኪሎ ቆሻሻ ይወጣል? በመድኃኒት ፋብሪካዎች ከ25 እስከ 100 ኪሎ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሆኖ አገኘው። አብዛኛው ማሟሚያ ነው። ማሟሚያ የሚበዛው በማጠብና በኮለም ነው። ድስት ስትቀንስ እሱ ይቀንሳል። እኛ እዚህ የምንደፋው የት እንደሚሄድ ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቁልቁል ነው። ወደ ጨሞጋ፣ ከጨሞጋ ወደ ዓባይ።

በሉ፣ ብልቃጡ ደረሰ። መብራቱም አላሳፈረንም።

ቆረቆንዳ ውስጥ ዛይላን የሚባል ነገር አለ። ዛይሎስ ከሚባል ስኳር የተገመደ ገመድ ነው። አሲዱ መጀመሪያ ገመዱን ይበጥሳል፤ ስኳሩ ይወጣል። እዚያው ድስት ውስጥ፣ ያው አሲድ፣ ከእያንዳንዱ ስኳር ሦስት ውሃ ይነጥቃል። የቀረው ዞሮ ይነክስና አምስት አባል ያላት የኦክሲጅን ቀለበት ይሠራል። ፉርፉራል ይባላል። ጀርመናዊው ዶበራይነር በአጋጣሚ አግኝቶት በ1832 አሳወቀ። አሜሪካኖች በ1920ዎቹ መጀመሪያ ከአጃ ገለባ በፋብሪካ ማምረት ጀመሩ። ዛሬም ከቆረቆንዳ ይመረታል። ከነዳጅ ዘይት ሳይሆን ከእርሻ ተረፈ ምርት የሚገኝ ስለሆነ ዋጋ አለው። ጎጃም ደግሞ የበቆሎ አገር ነው፤ ቡሬን፣ ሜጫን አስቡ።

አንድ ችግር አለው። ፉርፉራሉ አሲዱ ውስጥ ከቆየ እርስ በርሱ ይያያዝና ጥቁር ሙጫ ይሆናል። ስለዚህ እንደተወለደ በእንፋሎት ማውጣት ያስፈልጋል። አረቄ ስታወጡ እንደምታደርጉት ነው። ድፍድፉ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በሸምበቆ ይሻገራል፣ ቀዝቅዞ ወደሚቀበለው ዕቃ ይወርዳል። እኔም ይኸው ያንኑ አድርጌያለሁ፤ ሸምበቆው መስታወት ሆነ እንጂ። ድፍድፉ ሲያር አረቄው ላይ የሚመጣውን ያንን የተቃጠለ ጠረን ታውቁታላችሁ? ከሚያመጡት አንዱ ይኸው ፉርፉራል ነው።

አሁን ይህን ወረቀት ተመልከቱ። አኒሊንና አሴቲክ አሲድ ነክቶታል፤ ፉርፉራል ካገኘ ይቀላል። አኒሊን መርዝ ስለሆነ በጓንት ነው የያዝኩት። ከተጠራቀመው ውሃ አንዲት ጠብታ አሳርፍበታለሁ።

(ወረቀቱ ቀላ። ከኋላ ያሉት ተነሥተው ቆሙ። ወረቀቱን በሳህን አድርጌ፣ ሳይነኩት እንዲያዩት፣ በረድፉ መካከል አዞርኩት። አንድ ልጅ «የዳቦ ቅርፊት ይሸታል» አለ። ልክ ነው፤ ዳቦም ሲጋገር ጥቂት ይወጣዋል።)

ጥያቄ ካለ አልኩ። ሦስት አራት የተማሪ ጥያቄ ተነሣ። ከዚያ ጥግ ላይ ተቀምጠው የነበሩ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ያዳምጡ የነበሩ እናት እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ጥሩ ነገር ነው ያሳየኸን። ቆረቆንዳውን ግን እናንተ ከወሰዳችሁት እኛ ምን እናነዳለን?»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ትክክለኛው ጥያቄ ይኸው ነበር።

«እማማ፣ ከአንድ ኩንታል ቆረቆንዳ የሚወጣው ፉርፉራል ወደ አሥር ኪሎ ቢሆን ነው» አልኳቸው። «አብዛኛው ይተርፋል። የተረፈው ይነዳል። ፋብሪካዎቹም ራሳቸው ማሞቂያቸው ውስጥ ያነዱታል።»

«ከዚህ ከምትቀቅሉት ውሃ ውስጥ የወጣውን?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እርጥቡን ልትመልሱልን ነዋ!»